እርማትና አረም፤ የአማርኛ ድርሰት እርማት አሠራር ሲመረመር

መግቢያ

«ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም» ይባላል። የቋንቋ መምህር የዕለት ተግባር ከዚህ አባባል ጋር የተቆራኘ ነው። ተማሪው ይጽፋል፤ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ መምህሩም ያርማል። ይሁን እንጂ «ማረም» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ሥራ እንዳለው ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። መምህር ደብተር ያርማል፤ ገበሬም ማሳ ያርማል። ጤፍ የሚያርም ገበሬ ከአረሙ አስቀድሞ ሰብሉን ማወቅ ይኖርበታል። የጤፍ ቡቃያ በለጋነቱ ከሣር ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰብሉን ጠንቅቆ ያላወቀ እጅ አረሙን ትቶ ጤፉን ሊነቅል ይችላል።

በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ድርሰት ላይ የሚደረገው የሰዋስው እርማት በዚህ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል። በተለመደው አሠራር ቀዩ ብዕር የሚበረታው በፊደል አመራረጥና ስሕተትነታቸው በሚያጠራጥር አነጋገሮች ላይ ነው። ትርጉም የሚያፋልሱት የዓረፍተ ነገር ስሕተቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይታዩ ያልፋሉ። ከዚህም የተነሣ ተማሪው ከደብተሩ ላይ የሚማረው ነገር ቢኖር አጭር መጻፍን፣ የሚያውቀውን ቃል ብቻ መደጋገምን፣ በመጨረሻም ጨርሶ አለመጻፍን ነው። ይህ አሠራር በመምህሩ ትጋት ማነስ የመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ትጋት የሚፈስስበት ነው። ጉድለቱ ትጋቱ የሚውልበትን ቦታ አለመለየት ነው።

1. ቀዩ ብዕር የሚያየውና የሚያልፈው

ለማስረጃ ያህል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሊጽፈው የሚችለውን የሚከተለውን አንቀጽ መመልከት ይበቃል። አንቀጹ ለምሳሌነት የተዘጋጀ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ስሕተቶች በየደብተሩ የሚገኙ ናቸው።

«ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ወደ ገበያ ሔድን። ገበያው ደርሰን ዝናብ ዘነበ። ወንድሜ ትልቁ በጉን ገዛ። አምስት ዶሮም ገዛ። ማታ የዘገየንበት ምክንያት ወንዙ ስለ ሞላ ነው። እናታችን ስታየን ጭንቀቷን ተወገደ።»

በተለመደው አሠራር ይህ አንቀጽ ሲታረም በቅድሚያ «ሔድን» የሚለው ቃል ይከበብና በ«ሄ» ይተካል። ቀጥሎ «አምስት ዶሮ» ተሠርዞ «አምስት ዶሮዎች» ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ምልክት ተደርጎበት ደብተሩ ይመለሳል። በአንቀጹ ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ አራት ስሕተቶች አሉ። እውነተኞቹም እነዚህ አራቱ ናቸው።

ሀ) «ወንድሜ ትልቁ በጉን ገዛ»። በአማርኛ ስም ቅጽል ሲቀድመው፣ እርግጠኛነትን የሚያመለክተው ምዕላድና ተሳቢን የሚያመለክተው «ን» የሚጠጉት በቅጽሉ ላይ ነው፤ «ትልቁን በግ» ይባላል። ተማሪው እንደ ጻፈው ከሆነ አንባቢው «ትልቁ» የሚለውን ለወንድሙ ይሰጠዋል። ትልቅ የተባለው በጉ ይሁን ወንድሙ አይታወቅም።

ለ) «ገበያው ደርሰን ዝናብ ዘነበ»። «ደርሰን» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱ «እኛ» ነው፤ «ዘነበ» የሚለው ማሠሪያ አንቀጽ ባለቤቱ ዝናብ ነው። ቦዝ አንቀጹ የራሱን ድርጊት ለማሠሪያው ባለቤት ሊያስረክብ ፈልጎ መንገድ ላይ ቀርቷል። «ገበያው እንደ ደረስን ዝናብ ዘነበ» ቢባል ይቃናል።

ሐ) «የዘገየንበት ምክንያት ወንዙ ስለ ሞላ ነው»። «ስለ» ምክንያትን በውስጡ ይዟል፤ «ምክንያት» የሚለው ስም ሲጨመርበት አንድ ጭነት በሁለት አህያ እንደ መጫን ይሆናል። ወይ «የዘገየነው ወንዙ ስለ ሞላ ነው»፣ ወይም «የዘገየንበት ምክንያት የወንዙ መሙላት ነው» መባል ነበረበት። ይህ ስሕተት በተማሪዎች ብቻ ሳይወሰን በአዋቂዎች ሪፖርትና በስብሰባ ንግግር ውስጥ ዘወትር ይሰማል።

መ) «ጭንቀቷን ተወገደ»። «ተወገደ» ተገብሮ ግስ እንደ መሆኑ ተሳቢ አይቀበልም። «ጭንቀቷ ተወገደ» ወይም «ጭንቀቷን አስወገደች» መባል አለበት።

አራቱ ስሕተቶች ለምን ይታለፋሉ? እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ እንከን ስለሌለው ነው። «ጭንቀቷን» ትክክለኛ ቃል ነው፤ «ተወገደ»ም እንዲሁ ትክክለኛ ቃል ነው። ስሕተቱ ያለው በሁለቱ ግንኙነት ላይ ነው። ስለዚህም ቃል በቃል የሚጓዝ ዐይን ሊያገኘው አይችልም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ቃላትን ከተዘጋጀ ዝርዝር ጋር ብቻ የሚያመሳክር የፊደል ማረሚያም በዚሁ ምክንያት «ጭንቀቷን ተወገደ»ን ያለ ጥርጥር ያሳልፋል። መምህሩ ከዚህ መሣሪያ የሚበልጠው ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ሲያነብ ብቻ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አያመለክትም። «ይሰማል» ተብሎ የተጻፈ ቃል ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነው፤ ሰሚው እርሱ ነው ወይስ እርሱ ይሰማል የሚለውን የሚለየው ጆሮ ነው። በዚህ ረገድ ከአገሩ የቆየ ትምህርት የሚገኝ አርአያ አለ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም እየሰማ እዚያው ያርመዋል። እርማቱ የሚካሄደው ተማሪው ራሱ በፈጠረው ሥራ ላይ፣ በጆሮ፣ ሐሳቡም ገና ትኩስ ሳለ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ድርሰቱ ከተጻፈ ከሳምንታት በኋላ፣ በዐይን ብቻ ታርሞ፣ ተማሪው ምን ሊል እንደ ፈለገ በረሳበት ጊዜ ይመለስለታል።

2. ስሕተት ሳይሆኑ የሚታረሙ

ከላይ በቀረበው አንቀጽ የተከበበው «ሔድን» የተባለው ቃል ሰፋ ያለ ጉዳይ ያስነሣል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በግእዝ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» ደግሞ ለፀሐይ መውጣት የሚነገር ነው። በአማርኛ ግን የእነዚህ ፊደላት ድምፅ አንድ ሆኗል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን በጆሮው ሊለያቸው አይችልም፤ መጽሐፍ በማየት ብቻ ይለምዳቸዋል።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ አንድ ዐይነት መንገድ አልተከተሉም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፍ ደግሞ «የአማርኛ ሰዋስው» ይባላል። አንዱ ሊቅ «ያማርኛ»፣ ሌላው ምሁር «የአማርኛ» ብለው ጽፈዋል። ዛሬ አንድ ተማሪ በድርሰቱ ላይ «ያማርኛ» ብሎ ቢጽፍ ወይም «ዐዲስ»ን በዐይኑ «ዐ» ቢጀምር ቀይ መስመር ሊያርፍበት ይችላል። የተሰመረበት ግን የታወቀ መዝገበ ቃላት በሽፋኑ ላይ ያሰፈረው አጻጻፍ ነው።

ይህ ሲባል ፊደል እንደ ተገኘ ይጻፍ ማለት አይደለም። ከተማሪው ሊጠየቅ የሚገባው ወጥነት ነው፤ በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዱን ቃል በአንድ ዐይነት ፊደል መጻፍ፣ በመማሪያ መጽሐፉ የተለመደውንም መከተል ይጠበቅበታል። ይህ የፊደል ጉዳይ ከሰዋስው ስሕተት ጋር ተደባልቆ በአንድ ብዕርና በአንድ ክብደት መቀጣቱ ግን ተገቢ አይሆንም።

«አምስት ዶሮ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አማርኛ ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣ ስምን በነጠላ እንዲቆም ይፈቅዳል፤ «ሁለት በሬ»፣ «ዐሥር ብር»፣ «ሦስት ቀን» የሚል ገበሬም ሆነ ሊቅ አልተሳሳተም። በአንጻሩ «እያንዳንዱ ተማሪዎች» የሚለው ስሕተት ነው፤ «እያንዳንዱ» አንድ በአንድ የሚለይ ቃል በመሆኑ ነጠላ ስም ይፈልጋል። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ሊቃውንቶች» የሚሉትም በግእዝ ሕግ ከረቡ በኋላ በአማርኛ ምዕላድ እንደ ገና የረቡ ናቸው፤ «መምህራን» ወይም «መምህሮች» ማለት ይበቃ ነበር። አንዱን ትክክለኛ አነጋገር እየሠረዙ ሁለቱን ስሕተቶች ማሳለፍ ተማሪው ስለ ቁጥር ያለውን ትክክለኛ ስሜት ያዛባል።

አካባቢያዊ አነጋገርም በዚህ ክፍል ይመደባል። «ሄድሁ» የሚል ተማሪ «ሄድኩ» በል ተብሎ ይታረማል። ነገር ግን «ሄድሁ» በቀደሙት መጻሕፍት የጸና፣ በብዙ አካባቢም የሚነገር ቅርጽ ነው። ተማሪው አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይገባዋል እንጂ፣ የወላጆቹ አነጋገር ስሕተት ነው ሊባል አይገባም። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» የሚለውም ዓረፍተ ነገር ከላይ የተጠቀሰውን የቦዝ አንቀጽ ሕግ በቃል ብቻ ለያዘ መምህር ስሕተት ሊመስለው ይችላል። የሁለቱ ግሶች ባለቤቶች የተለያዩ ቢሆኑም የመጀመሪያው ድርጊት የሁለተኛው ምክንያት ስለሆነ ቋንቋው ተቀብሎታል። ሰብሉን ማወቅ ማለት እንዲህ ያለውን ልዩነት ማወቅ ነው።

3. ስሕተቱ ከየት መጣ?

የብሪታንያው የቋንቋ ሊቅ ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት አድርጓል። አንደኛው በድካም፣ በችኮላ ወይም በመርሳት የሚፈጠር መዘናጋት ነው፤ ተማሪው ቢጠቆም ራሱ ያቃናዋል። ሁለተኛው ተማሪው በአእምሮው ከያዘው ሕግ የሚመነጭ ስሕተት ነው፤ ይህ በመጠቆም ብቻ አይቃናም፤ ሕጉ መቃናት አለበት። ኮርደር ይህ ሁለተኛው ስሕተት ለመምህሩ ማስረጃ እንደሚሆነው፣ ተማሪው የት እንደ ደረሰ እንደሚያሳየው አስረድቷል። በአንድ ቀይ መስመር ሁለቱንም መቅጣት ይህን ማስረጃ መጣል ይሆናል።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ እጅግ ብዙ ተማሪዎች አማርኛን የሚማሩት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ተማሪ ለሴት «አንተ» ብሎ ቢጽፍ በቸልተኝነት ወይም በንቀት አይደለም፤ በቋንቋው «አቲ» የሚለው ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም የሚነገር በመሆኑ ነው። እንዲሁም በአፋን ኦሮሞ ቅጽል ከስም በኋላ ስለሚመጣ፣ ቅጽል በሚቀድምበት አማርኛ «ን»ን የት እንደሚያስጠጋ ቢያመነታ አያስደንቅም። ለእንዲህ ዐይነቱ ተማሪ «አንቺ» ብሎ ከላይ መጻፍ አንዱን ቃል ያርም ይሆናል እንጂ ሕጉን አያስተምርም። መምህሩ ግን አማርኛ ራሱ በብዙ ቁጥር «እናንተ» ሲል ወንድና ሴት እንደማይለይ፣ በነጠላ ሲሆን ግን እንደሚለይ ቢያስረዳ፣ ተማሪው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ይሻገራል።

ሦስተኛ ምንጭም አለ፤ እርሱም ራሱ የአዋቂዎች ቋንቋ ነው። ተማሪው «ችግሩን ተፈትቷል» የሚለውን ከማስታወቂያ ሰሌዳና ከሰርኩላር ያነብባል፤ «ምክንያቱ … ስለሆነ ነው» የሚለውን በስብሰባ ይሰማል። ዐቃጆችና የትምህርት ባለሙያዎች የሚጽፉት ሳይቃና የተማሪው ደብተር ብቻውን እንዲቃና መጠበቅ ምንጩን ትቶ ወራጁን እንደ ማጥራት ይቆጠራል።

4. ሁሉን ማረም ወይስ መርጦ ማረም?

በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ላይ የሰዋስው እርማት ጥቅም አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ረጅም ጊዜ ወስዷል። ጆን ትሩስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ጽሑፍ የሰዋስው እርማት ፍሬ የማይሰጥ፣ እንዲያውም ጎጂ በመሆኑ ሊቀር ይገባዋል ሲል ተከራከረ። ዴና ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰጠችው መልስ ድምዳሜው የተቻኮለ መሆኑን፣ ተመርጦ፣ ግልጽ ሆኖና ቅድሚያ ተሰጥቶት የሚደረግ እርማት ከዘፈቀደ እርማት ተለይቶ መታየት እንደሚኖርበት አመለከተች። ክርክሩ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ትምህርት ዙሪያ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ አማርኛ ማዛወር አይቻልም። ይሁንና ሁለቱም ወገኖች ያለ ልዩነት ሁሉን ማቅላት ያስተምራል አለማለታቸው ለአማርኛ መምህርም ትምህርት አለው።

ቀላል ስሌትም ወደዚሁ ያመራል። አንድ መምህር 3 ክፍሎች፣ በየክፍሉም 60 ተማሪዎች ቢኖሩት የደብተሩ ብዛት 180 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ደብተር 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ አንድ ድርሰት ለማረም 15 ሰዓት ይጠይቀዋል። ይህን ሸክም የሚያውቅ መምህር ድርሰት የሚያስጽፍበትን ጊዜ ቢያራርቀው ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን ተማሪው መጻፍን የሚማረው በመጻፍ ነው። ስለሆነም ሁሉን የማረም ግዴታ የመጻፍን ዕድል ያጠብባል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ያልታረመ ስሕተት ሥር ይሰድዳል፤ መምህሩም ስሕተትን ያጸደቀ ይመስላል ይባላል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን መርጦ ማረም ችላ ማለት አይደለም፤ ዛሬ ያልታረመው በተራው ይታረማል። በአንጻሩ ሃያ ቀይ ምልክት የተቀበለ ተማሪ የትኛው ዐቢይ የትኛው ንኡስ እንደሆነ አያውቅም፤ ነጥቡን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። ስሕተት ሥር የሚሰድደው ይበልጥ እንዲህ በሆነ ጊዜ ነው።

5. አሠራሩን ለማቃናት

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ሊተኮርባቸው ይገባል።

ሀ) መምህሩ ከማረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ። ስሕተቱ ትርጉም ያፋልሳል? በተማሪው ጽሑፍ ውስጥ ይደጋገማል? ሕጉ በክፍል ውስጥ ተሰጥቷል? ሦስቱንም ያሟላው ስሕተት ቅድሚያ ያገኛል።

ለ) ለአንድ ድርሰት አንድ ወይም ሁለት የስሕተት ዐይነቶች ይመረጡ፤ ተማሪዎችም ይህን አስቀድመው ይወቁ። በአንዱ ሳምንት ተሳቢና «ን»፣ በሌላው የቦዝ አንቀጽና የማሠሪያ አንቀጽ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ሐ) መምህሩ ትክክለኛውን ከመጻፍ ይልቅ ስሕተቱ ባለበት መስመር ጥግ ምልክት ያድርግ፤ ተማሪው ፈልጎ ያግኘው። ያገኘውና ያቃናው መዘናጋት ነበር፤ ያላገኘው ደግሞ እንደ ገና የሚሰጥ ትምህርት ነው።

መ) ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ድርሰታቸውን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ዐይን ያለፈውን «ጭንቀቷን ተወገደ» ጆሮ ያቆመዋል፤ በተለይም ጓደኛ ሲያነብበው።

ሠ) ነጥብ የሚሰጠው ተማሪው አርሞ እንደ ገና ለጻፈው ቅጂ ይሁን። የመጀመሪያው ቅጂ የመሞከሪያ ቦታ መሆኑ ከታወቀ ተማሪው አዲስ ቃልና ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ለመሞከር ይደፍራል።

ለዐቃጆችና ለመርሐ ትምህርት አዘጋጆችም የሚቀር ሥራ አለ። በቀድሞው ትምህርት የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው ይባል ነበር፤ ባየ ይማም ወደ አምስት አውርደዋቸዋል። ሁለቱም አከፋፈሎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ይሁን እንጂ ስምንቱንም ሆነ አምስቱን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ በራሱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱና ግሱ መጣላታቸውን ካላየ የሰዋስው ትምህርቱ ከድርሰቱ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ከአራት አማራጮች መካከል ትክክለኛውን ፊደል በማክበብ ብቻ የሚመዘን ፈተናም የሌላውን ስሕተት መለየትን ይለካል እንጂ የራስን ማቃናትን አይለካም። በክፍል ፈተናዎች ውስጥ ተማሪው የተበላሸ አንቀጽ አቃንቶ እንዲጽፍ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ እንኳ ቢገባ፣ መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትኩረት ወደዚያ ያዘነብላል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ደግሞ እርማት ራሱን የቻለ የልምምድ ርእስ ሊሆን ይገባል። ለሠልጣኞች አንድ ዐይነት አንቀጽ ታድሎ ሁሉም ለየብቻ ካረሙት በኋላ ሥራቸው ጎን ለጎን ቢታይ፣ ማን የትኛውን ቃል ከበበ፣ ማን የትኛውን ዓረፍተ ነገር አሳለፈ የሚለው ውይይት ከብዙ ገለጻ የበለጠ ያስተምራል። ከዚህ በላይ የቀረበው የገበያ አንቀጽ ለዚህ ልምምድ ሊያገለግል ይችላል።

ማጠቃለያ

የሰዋስው እርማት አስፈላጊነት አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው በምን ላይ፣ መቼና እንዴት ይደረግ የሚለው ነው። ወደ ገበያ የሄደው ተማሪ ሊናገር የፈለገው ነገር ነበረው፤ ዝናቡ፣ በጉ፣ የሞላው ወንዝ፣ የእናቱ ጭንቀት። የታረመለት ግን «ሔ» ሆነ። ያ ደብተር በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ገና ሲከፈት ተማሪው «ትልቁን በግ» ብሎ ራሱ አቃንቶ፣ ስለ ወንዙም ሁለት ተጨማሪ ዓረፍተ ነገሮች ጽፎ ከተገኘ እርማቱ ሥራውን ሠርቷል። ገጹ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ግን ከአረሙ ጋር ሰብሉም ተነቅሏል ማለት ነው። የትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የደብተር ቁጥጥር በሚያደርጉበት ጊዜ የቀዩን ምልክት ብዛት በመቁጠር ፈንታ ተማሪው ከእርማቱ በኋላ የጻፈውን ቢመለከቱ፣ ስለ መምህሩ ሥራ የተሻለ ፍርድ ይሰጣሉ።